ለእትዬ ሶልያና የሚሆን መቀነት

ከሰኔ ሠላሳ በኋላ አምባር አይሠራም ተባለ። ማስታወቂያው የወጣው ፋሲካ ሳይደርስ ነበር፤ ሰዉ ግን እንደ ልማዱ ለመጨረሻው ሳምንት አቆየው። አምባር ማለት እጅ ላይ የሚታሰር፣ ላብ የበላው ጎማ ነው፤ ስፖርት ሲሠራ የልብ ምት ይለካል፣ የለካውን ለወረዳው ይነግራል። በሱ ፋንታ እያንዳንዱ ነዋሪ ከሦስት ዓይነት አዲስ መለኪያዎች የሚስማማውን እንዲመርጥ ተፈቅዶለታል። ማስታወቂያው «ተፈቅዶለታል» ነው የሚለው። ያልመረጠ ሰው የሚሮጥበት ጫካ በር አይከፈትለትም፤ የሳምንት የስፖርት ድርሻውም አይመዘገብለትም።

ይትባረክ ሁለት አምባር ያስር ነበር። የግራው የራሱ ነው። የቀኙ፣ ከቱታው እጅጌ ሥር ያለው፣ የእትዬ ሶልያና ነው።

እትዬ ሶልያና ኮተቤ ዳገት ላይ ባለ ፎቅ፣ አራተኛ ደርብ፣ ከይትባረክ በር ፊት ለፊት ይኖራሉ። በጉልምስናቸው ጸጉር ሠሪ ነበሩ፤ ወሬያቸው ከዚያ የተረፈ ነው። ጎህ ሲቀድ በራቸውን ገርበብ አድርገው አምባሩን ያቀብሉታል። እሱ ሮጦ ሲመለስ ላቡን በሸሚዙ ጠርጎ ይመልስላቸዋል።

«ዛሬ እንዴት ሮጥኩ?» ይላሉ።

«ጥሩ ነበሩ እትዬ። ዳገቱ ላይ ትንሽ ደከመዎት።»

«እርጅና ነው። ነገ እበረታለሁ።»

ይትባረክ ብዙ አይናገርም። ቀን ቀን በገበያ ማዕከሎች ጣሪያ ላይ የተዘራ ሰላጣ ያጠጣል፤ እዚያ የሚያነጋግረው ሰው የለም፣ እሱም አይከፋውም። ደመና እያየ ሲፈዝ ውኃው ሞልቶ እግሩን የሚያርስበት ጊዜ ይበዛል። በቀን ውስጥ ከሚያወራው ወሬ አብዛኛው ይህ የአምባር ወሬ ነበር።

የወረዳው የልብ ደንብ አጭር ነው። ማንኛውም ሰው በየሳምንቱ ልቡን የተወሰነ ያህል ማሠራት አለበት። ድርሻው ደጋግሞ የጎደለበት ሰው ልቡ ደካማ ነው ማለት ነው፤ ልበ ደካማ ደግሞ ደረጃና ዳገት ካለበት ሰፈር ወጥቶ እፎይታ መንደር ይገባል። እፎይታ መጥፎ ቦታ አይደለም። ይህን ሁሉም ሰው ይናገራል፣ ያየውም ያላየውም። መሬቱ ሜዳ ነው፤ በሮቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ምግቡ ጨው የለውም። እንግዳ የሚገባው በቀጠሮ ነው፣ ድንገት የመጣ ሰው ልብ ያስደነግጣልና።

አንድ ጊዜ እትዬ ሶልያና ከፎቁ የተወሰዱ ጎረቤታቸውን ለመጠየቅ ወደዚያ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ለይትባረክ የነገሩት ይህን ብቻ ነው፤ «ቀልድ ነገርኳቸው፣ ሳቁ። ነርሷ እየሮጠች መጣች። ምታቸው ከፍ አለ ብላ አስወጣችኝ።» በማግስቱ አምባራቸውን አውልቀው ለመጀመሪያ ጊዜ አቀበሉት። ደረጃውን ወጥተው ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ይቀመጡ የነበረው ያኔ ነው። አሁን ጭራሽ አይወርዱም።

ከፎቁ በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ባለው ጫካ ውስጥ ሰው ብቻውን አይሮጥም። ብቻውን የሚሮጥ ቢታይ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ይባላል። ይትባረክ የሚሮጠው በጋሽ ናሆም ሰልፍ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ አንዱ ከፊት ይመራል፣ ሌላው ከኋላ ከኋላው ይከተላል፣ ማንም ማንንም አይቀድምም። መሪው በባሕር ዛፉ መካከል ዚግዛግ እያለ ይወጣል፤ የቀረው ሰው ዓይኑን ከፊቱ ያለው ሰው ተረከዝ ላይ ተክሎ፣ እግሩ በወደቀበት እግሩን እየጣለ ይሄዳል። ይትባረክ ይህን የሚወደው ከሰው ጋር ሆኖ ማውራት ስለማያስፈልግ ነው። የሰልፉን ሰዎች ከፊታቸው ይልቅ በተረከዛቸው ያውቃቸዋል።

በሰልፉ ውስጥ እጅጌ አጭር የለበሰ ሰው አይታይም፤ በጥር ጠራራም ቢሆን። ማንም ማንንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ጠዋት ሩጫው አልቆ ዛፍ ተደግፈው እግራቸውን ሲያፍታቱ ወሬው ስለ ምርጫ ሆነ።

«እኔ ጉትቻውን መረጥኩ» አሉ ጋሽ ናሆም። ስልሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የተከረከመ ሰው ናቸው። «ይህን ሁሉ ዘመን ጆሮዬን ሳላስበሳ ኖሬ!»

«ያምርብዎታል ጋሼ» አለ ደምመላሽ። ደምመላሽ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሁልጊዜ ከይትባረክ ኋላ የሚሮጥ። «ሙሽሪት ነው የሚመስሉት። ሚዜ ካስፈለገ እኔ አለሁ።»

«አንተን ሚዜ አድርጌ ድግሱን ማን ሊበላው?»

ተሳቀ። ከዚያ አንዱ ከወደ ኋላ፣ «አዲሶቹ መለኪያዎች የባለቤታቸውን ገላ ያውቃሉ አሉ፤ ሌላ ሰው ላይ አይሠሩም» አለ። ሳቁ ቆመ። ሁሉም እጅጌውን ሳብ አደረገ።

«አባቴን ሰኞ እፎይታ አደርሳቸዋለሁ» አለ ደምመላሽ ቆየት ብሎ። «ሻንጣ ውስጥ ምን እንደሚከተት እንኳ አላወቅኩም። ኮት ልክተት ስል፣ እዚያ አይበርድም አሉኝ።»

ይትባረክ የዛፉን ቅርፊት ይልጥ ነበር። የቀኝ እጁ አምባር ሞቅ ብሎት ነበር።

መገናኛ ካሉት የመለኪያ ሱቆች ውስጥ ሰው ያልበዛበትን መርጦ ገባ። ሻጯ ስንዱ የምትባል፣ በእሱ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል።

«ለራስህ ነው?»

«ለራሴና ለጎረቤቴ።»

«ጎረቤትህ ራሳቸው መምጣት አለባቸው።»

«ደረጃ ይከብዳቸዋል።»

ስንዱ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ወደ በሩ አየች። «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሱቅ ውስጥ አትናገር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ቀጥላም ምንም እንዳልሰማች ሦስቱንም መለኪያ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ይሄ ጉትቻ ነው። ቀላል ነው፤ ግን ያወራል። ስትፈጥን ቀስ በል፣ ስትዘገይ ፍጠን ይልሃል። አንዳንዱ ሰው ይወደዋል፤ ቤቱ የሚያናግረው የለውም መሰለኝ። ይሄ ልጥፍ ነው። ደረት ላይ ተለጥፎ አይላቀቅም፤ ከስፖርት ውጭም ይሰማል፣ ተኝተህም ይሰማል። ልብህ ቅር ካለው ሳትወድቅ በፊት አምቡላንስ ይጠራል። እናቴ ላይ የለጠፍኩት እሱን ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«መቀነት። በደረት ዙሪያ ይታሰራል። ማንም አይወስደውም።»

«ለምን?»

«ጆሮው ክፉ ነው። መጀመሪያ የታሰረበትን ሰው ባለቤቱ ያደርጋል፤ በሱ ደረት ላይ ካልሆነ ሥራ አይጀምርም፤ ከጀመረ በኋላ ግን አጠገቡ የበለጠ የሚመታ ልብ ካገኘ የሱን ይሰማል። ባለፈው ባልና ሚስት ገዙት። አብረው ዱብ ዱብ ሲሉ ምቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ሚስትየው ለካ እስከዛሬ የሚለካው ያንተ ነው ብላ ተኳርፈው መለሱት። ሰልፈኛ ነህ አይደል? ጫማህ ያስታውቃል። ለናንተማ ጭራሽ አይሆንም፤ የፊተኛህን ልብ ይዞልህ ይመጣል።»

«ምን ያህል ቅርብ ሲሆን ነው?»

«አንድ እርምጃ። እጅህን ብትዘረጋ የምትነካው ሰው።»

ይትባረክ መቀነቱን አነሳው። በጎኑ አንዲት ትንሽ መብራት አለችው፤ በእያንዳንዱ ምት ጠቅ የሚል ድምፅም ያሰማል።

«ሁለት ስጪኝ።»

ስንዱ እየጠቀለለች ሳለ እጇ ዘገየ። «አንድ ነገር ልንገርህ? መቀነቱ ያንተን ሲሰማ የሳቸውን አይሰማም። የሳቸው ቢቆም እንኳ ያንተን እያየ ደህና ናቸው ይላል። ልጥፉ ግን ይጠራል። ስለዚህ ንገራቸው። አንተ አትምረጥላቸው።»

ወደ ቤት የሄደው በእግሩ ነው። ስለ አምባሩም እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ አስቦ አያውቅም ነበር። ወረዳው የሚያውቀው የይትባረክን ልብ ነው፣ ሁለት ጊዜ። የእትዬ ሶልያና ልብ በነዚህ ዓመታት ሁሉ ምን ሲያደርግ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው የለም። ሰላም ነኝ ብለው ይነግሩታል፤ እሱም ያምናል። ዳገቱ ላይ ደከመዎት እያለ ሲቀልድ አንዲት ቀን እንኳ፣ ቤት ውስጥስ ደክሞዎት ነበር ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም።

እትዬ ሶልያና መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሁሉንም ነገራቸው፤ ልጥፉንም፣ አምቡላንሱንም፣ የስንዱን ቃልም።

«እንግዲህ የሚሰማኝ ይወስደኛል» አሉ። «የማይሰማኝ ደግሞ ይተወኛል።»

«አዎ እትዬ።»

«አንተ ብትሆን?»

«እኔ ቀልድ ስለማልችል እፎይታ ብገባ ብዙ አይጎድልብኝም።»

ሳቃቸው ሳል ሆኖ ቆየ። «ይሄ ራሱ ቀልድ ነው፤ ሳታውቀው ቀለድክ» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ መቀነቱን ከእጁ ወስደው በጣታቸው ዳሰሱት። «እኔ እዚህ ቤት ውስጥ ልቤ ቢቆም፣ ቢያንስ እየመታ ሳለ የቆመ ነው። እዚያ ግን… በል እሰርልኝ። ጠበቅ አታድርግ፣ በሬ አይደለሁም።»

ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ይትባረክ ጫካ አልወጣም። ሲነጋ ከእትዬ ሶልያና ወንበር ጎን ቆሞ ባለበት ይሮጣል። መቀነታቸው ጠቅ ጠቅ እያለ የሱን ልብ ይቆጥራል፤ የሳቸው ድርሻ ይሞላል። የታችኛው ቤት ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይመታል። ይትባረክ በቀስታ ሊረግጥ ይሞክራል፤ ያኔ ምቱ ይወርዳል፤ እትዬ ሶልያና፣ «ኧረ ሰነፍኩ! ፍጠን፣ ሰውዬው ይምታ፣ እሱም እጁን ስፖርት ያሠራ» ይላሉ።

እሱ ግን ከፊቱ ተረከዝ አጣ። ከፊቱ ያለው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ላይ ቀለሙ የተላጠበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱን እያየ ይሮጣል። እግሩ የት እንደሚወድቅ የሚነግረው የለም። አንዳንድ ቀን ሳያውቀው ይቆምና መቀነቱ ዝግ ሲል ይባንናል።

«እንደ ታሰረ በግ ሆንክ» አሉት አንድ ጠዋት። «እንዲህ ሆነህ ሳይህ ልቤ ይደክማል። ወረዳው አያውቅም እንጂ።»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«እኔም ሰላም ነኝ» አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጋሽ ናሆምና ደምመላሽ መጡ። በሰልፉ ልማድ ከሰልፈኞች አንዱ ሲቀር ቦታው አይሞላም፤ ደህንነቱ እስኪታወቅ ድረስ ክፍት ይዘውለት ይሮጣሉ። የይትባረክን በር አንኳኩተው ሲያጡት ከፊት ለፊቱ ቤት የእግር ኮቴ ሰምተው ገቡ።

ይትባረክ መሮጡን አላቆመም፤ ድርሻው ገና ነበር። ጋሽ ናሆም እሱንም፣ ወንበሩንም፣ የመቀነቱን መብራትም ተራ በተራ አዩ።

«ይሄ ሰውዬ» አለ ደምመላሽ «ቦታውን ይዘንለት ጉድጓድ እንደሚዘል ሰው ስዘል ሰነበትኩ። እሱ ለካ እዚህ ምንጣፍ ይወቅጣል።»

«ማናችሁ እናንተ?» አሉ እትዬ ሶልያና።

«ናሆም እባላለሁ። ሰልፉን የምመራው እኔ ነኝ።»

«ከሰልፍህ ልጅ ሰርቄብሃለሁ ናሆም። ተቀመጥ። ቁጭ ብለህ ካየኸው ያስቃል።»

ጋሽ ናሆም አልተቀመጡም። ቆመው አሰቡ። «አያቴ አገር» አሉ በመጨረሻ «ሰው ሩቅ ቦታ ሲታመም መኪና አይገባም ነበር። ቃሬዛ ላይ አስተኝተው የመንደሩ ወንድ ሁሉ እየተቀያየረ ይሮጥ ነበር፣ ዳገት ቁልቁለት ሳይል።»

«እኔ በሽተኛ አይደለሁም» አሉ እትዬ ሶልያና ኮስተር ብለው።

«አይደሉማ! ስፖርተኛ ነዎት። ወረዳው ያውቃል።»

እትዬ ሶልያና አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ሳቁ፤ መቀነታቸው ግን የሚቆጥረው የይትባረክን ነበርና ሳቃቸውን አልሰማውም።

በቀጣዩ ሰኞ ጠዋት ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨትና ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። አራት ሆነው አወረዷቸው። ዝናቡ ሌሊት ጥሎ አባርቷል፤ አስፋልቱ ያበራል። እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ላይ እያዩ፣ «ይሄ ፎቅ መቼ ተሠራ? ይሄኛውስ?» እያሉ ጠየቁ።

የጫካው በር የሚሰማው ልብ ነው። ሰልፉ ሲቀርብ የእያንዳንዱን ምት ተቀብሎ አረንጓዴ በራ፤ የእትዬ ሶልያናም በረታ ያለ ነበር። ዘበኛው ከጎጆው ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ስፖርተኛ» አለ ደምመላሽ።

ዘበኛው ቃሬዛውን አየ፤ በሩን አየ። «በሩ ከከፈተ እኔን ምን አገባኝ» ብሎ ተመልሶ ገባ።

ጋሽ ናሆም መሩ። እንደ ወትሮው አልፈጠኑም፤ ግን ዚግዛጉን አልተዉም። ተሸካሚዎቹ በየተራው ይቀያየራሉ፤ መቀነቱም ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው እየዘለለ ጠቅ ጠቅ ይላል። ደምመላሽ ተራው ሲደርስ ያዘ፤ የሚቀይረው ሰው ሲመጣ አንገቱን ነቅንቆ እምቢ አለ። እንደገና መጡ፣ እንደገና እምቢ አለ። ፊቱ በላብ ይሁን በሌላ ነገር እርሶ ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም። እትዬ ሶልያና ከላይ ሆነው፣ «ቅርንጫፍ! ናሆም ቅርንጫፍ አለ፣ ዓይኔን ልታወጣው ነው?» ይላሉ።

ጉብታው ላይ ሲደርሱ ለስላሳ ሣር ፈልገው አወረዷቸው። ሁሉም እንደ ልማዱ እግሩን ሊያፍታታ ወደየዛፉ ሄደ። መቀነቱን ያሰበ ሰው አልነበረም።

መቀነቱ ዝም አለ።

ከዚያ ሌላ ድምፅ ጀመረ። ሁለቴ ፈጠን ብሎ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ይቆያል፤ በጣም ይቆያል፤ ከዚያ አንዴ ጠቅ ይላል፣ እንደ ዘገየ ሰው። ሰልፈኞቹ እግራቸው ዛፍ ላይ እንደተሰቀለ ዞር አሉ። መብራቷ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሄደች። ቀይ ከሆነች ወሬው ወረዳ ይደርሳል።

ይትባረክ እየሮጠ መጣ። እትዬ ሶልያና እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። አትቅረብ።»

«እትዬ፣ ቀይ ሊሆን ነው!»

«ማን ነው ይሄ?»

ቆመ። «እርስዎ ነዎት።»

እጃቸው እንደተነሳ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ ግድግዳ ተሻግሮ የሚሰማ የማያውቁትን ጎረቤት ድምፅ እንደሚያዳምጡ።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ። «ድሮም እንዲህ ነበር?»

«አላውቅም እትዬ። የሰማው የለም።»

«አንተ ስማው እንግዲህ። አሁን ስማው፣ ቶሎ።»

ይትባረክ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። ሁለቴ ፈጠን፣ ዝምታ፣ አንዴ። ዝምታው በመጣ ቁጥር የሱም ትንፋሽ አብሮ ይቆማል። ጫካው ውስጥ ያሉ ወፎች እንኳ ይረብሹት ጀመር። አንድ ጊዜ ዝምታው ከሌላው ጊዜ ረዘመ፤ ደምመላሽ ቆቡን ከራሱ ላይ አወለቀ፤ ጋሽ ናሆም አንድ እግራቸውን ወደፊት ሰንዝረው አቆሙት። ከዚያ መጣ፤ ጠቅ።

«ያዝከው?»

«ያዝኩት።»

«እንዲህ እየሆነ የሚሄድ ከሆነ፣ እንዲህ ሳይሆን የቀረ ቀን ታውቃለህ ማለት ነው። ያን ቀን ወደምትፈልገው ሐኪም ውሰደኝ፣ አልቆጣህም።» መብራቷን ወደ ታች አዩዋት፤ ብርቱካንማ ሆናለች። «በሉ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ምን ትገተራላችሁ?»

ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። መቀነቱ የማንን እንደሆነ ያልታወቀ፣ ጠንካራ፣ የደነገጠ ልብ አገኘና መቁጠር ቀጠለ። መብራቷ አረንጓዴ ሆነች።

ቃሬዛው ሲነሳ ይትባረክ እጀታውን ለመያዝ ጎንበስ አለ፤ ጋሽ ናሆም ግን ትከሻውን ይዘው ወደ ፊት ገፉት።

«አንተ ምራ» አሉ።

መርቶ አያውቅም። ከፊቱ ማንም አልነበረም፤ ዛፍና ጉም ብቻ። የት እንደሚረግጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ማወቅ ነበረበት። ወረደ። እግሩ ጆሮው የያዘውን ድምፅ ተከተለ፤ ሁለት ፈጣን እርምጃ፣ ከዚያ መቆየት፣ ከዚያ አንድ። ሁለት፣ መቆየት፣ አንድ። ከኋላው ያለው ተረከዙን አይቶ እግሩን በዚያው ጣለ፤ ከሱም ኋላ ያለው የሱን። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሰልፉ በሙሉ፣ ቃሬዛው ከነተሸካሚዎቹ፣ በባሕር ዛፉ መካከል እየተጥመዘመዘ በዚያ ዓይነት እርምጃ ወረደ።

«ምን ነካችሁ እናንተ?» አሉ እትዬ ሶልያና ከላይ። «ሁላችሁም ማነከስ ጀመራችሁ እኮ!»